መስማት የተሳነው ልጅ ሲያስቸግር፦ ምን ሳንነግረው ቀረን?

ልጄ አራት ዓመቱ ላይ ይናከስ ነበር። ጎረቤቶቼ «አሞላቀቅሽው» ይሉኛል። ገርፌውም አውቃለሁ፤ አልደብቅም። አንድ ቀን ጫማ ሳደርግለት መሬት ላይ ተንከባለለ፣ እጄን ነከሰኝ። ለካ ባለፈው ሳምንት ያንኑ ጫማ አድርጎ የሄደው ጤና ጣቢያ ነበር፤ መርፌ ተወግቷል። የዛሬው ጉዞ ግን አክስቱ ቤት ነበር። ማን ነግሮት ይወቅ?

ለሚሰማ ልጅ ከጓዳ ሆነን «አክስትህ ጋ ልንሄድ ነው» እንላለን፤ አለቀ። ለእሱ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፦ የአክስቱን በር፣ ሱቁን፣ ጤና ጣቢያውን። ከመውጣታችን በፊት ፎቶውን አሳየዋለሁ፣ ምልክቱን እሠራለሁ፣ ከዚያ ጫማ። መርፌ ካለም አልዋሸውም። ያለቅሳል፤ አይናከስም።

ሲያጠፋ ከኋላው አትጎትቱት። ይደነግጣል፣ ከዚያ ይማታል። ትከሻውን መታ መታ አድርጉት፣ ወይም ወለሉን ረገጥ ረገጥ፣ ወይም መብራቱን አጥፍታችሁ አብሩ። ዓይኑ ሲመጣላችሁ በርከክ ብላችሁ ፊታችሁን ኮስተር አድርጉ። እየሳቃችሁ «አይሆንም» ብትሉት የሚያምነው ፊታችሁን ነው። እጁን ግን አትያዙበት፤ አፉ እሱ ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚብስበትም ፊታችንም እጃችንም ስለማይታየው ነው። አልጋው አጠገብ ባትሪ ይኑር።

ጸባዩ በድንገት ከተለወጠ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ጥርሱን አሞት መናገር አቅቶት ይሆናል።

ዋናው ግን ቋንቋ ነው። እነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ከሚሰሙ ወላጆች ስለሚወለዱ እኛም እንደነሱ ጀማሪዎች ነን። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን ስጀምር የጣት ፊደሉ አስፈርቶኝ ነበር፦ ለተነባቢው የእጅ ቅርጽ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ደግሞ ሰባት እንቅስቃሴ። እናንተ ከዚያ አትጀምሩ። «ቆይ»፣ «አመመኝ»፣ «በቃኝ»፣ «ተናደድኩ» ይበቃል። «ተናደድኩ» የሚለውን ከለመደ ወዲህ ጥርሱ አርፏል። አማቴ እንኳ አራቱንም ትችላለች።

አንድ የቀረን ቡና ላይ ነበር። ሁላችን ስንስቅ «ምንድነው?» ይላል። «በኋላ» እንለዋለን። በኋላ አይመጣም፤ ሲኒ ይሰበራል። አሁን ተራ ገብተን ቀልዱን እንነግረዋለን። በኔ ምልክት ቀልዱ ለዛው ያልቃል፤ እሱ ግን ከሁላችን በላይ ይስቃል።