ከመድኃኒት የሚመጣ ከባድ የቆዳ ጉዳትና የዘረ መል ምርመራ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አንዳንድ መድኃኒቶች በጥቂት ሰዎች ላይ ቆዳንና የአፍን፣ የዓይንንና የብልትን ስስ ሽፋን እንደ እሳት ቃጠሎ የሚልጥ ጉዳት ያስከትላሉ። የተላጠው ከሰውነት ቆዳ 10 በመቶ ካልሞላ ስቲቨንስ-ጆንሰን ሲንድሮም ይባላል፤ ከ30 በመቶ ካለፈ ደግሞ ቶክሲክ ኢፒደርማል ኔክሮሊሲስ ይባላል፣ ይህኛው ከሦስት ሕሙማን አንዱን ያህል ይገድላል። ለጉዳቱ ይበልጥ የሚጋለጠው ማን እንደሆነ በከፊል የሚወስኑት ኤችኤልኤ የተባሉት የበሽታ መከላከያ ዘረ መሎች ናቸው። ምርመራው ሕይወት ያድናል፤ ነገር ግን ውጤቱ በተሳሳተ መንገድ ከተነበበ ሊጎዳም ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት አደጋውን የሚጨምረው የዘረ መል ዓይነት (ከዚህ በኋላ «ዘረ መሉ») ያልተገኘበት ሰው ከአደጋ ነጻ ነው ብሎ መደምደም ነው። እያንዳንዱ ምርመራ የሚያገለግለው ለተወሰኑ መድኃኒቶች ብቻ ነው (ቁጥሮቹ የዘረ መሉን ዓይነት ያመለክታሉ)፦ ኤችኤልኤ-ቢ 15፡02 ለሚጥል በሽታ ከሚሰጠው ካርባማዜፒን፣ ኤችኤልኤ-ቢ 58፡01 ለሪህ ከሚሰጠው አሎፑሪኖል፣ ኤችኤልኤ-ቢ 57፡01 ደግሞ ለኤችአይቪ ከሚሰጠው አባካቪር ጋር የተያያዙ ናቸው፤ የአባካቪሩ ጉዳት ግን የቆዳ መላጥ ሳይሆን ሌላ ዓይነት ከባድ አለርጂ ነው። 15፡02 የሌለበት ሰው የካርባማዜፒንን አደጋ የሚጨምረው ኤችኤልኤ-ኤ 31፡01 ሊኖርበት ይችላል፤ ከሁለቱ አንዱም ሳይኖርባቸው የታመሙም አሉ። ስለዚህ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ትኩሳት፣ የዓይን ማቃጠል፣ የአፍ ቁስል ወይም ሲነካ የሚያም ሽፍታ ከታየ፣ እስኪስፋፋ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ይገባል።

ተቃራኒው ስህተት ዘረ መሉ የተገኘበትን ሰው እንደ በሽተኛ መቁጠር ነው። በ2004 ከታይዋን በወጣው ጥናት በካርባማዜፒን ምክንያት ስቲቨንስ-ጆንሰን ከያዛቸው 44 ሕሙማን ሁሉም 15፡02 ተገኝቶባቸዋል። ከዚህ ተነሥቶ ዘረ መሉ ያለበት ሁሉ ይታመማል ማለት ግን አይቻልም፤ አብዛኞቹ መድኃኒቱን ቢወስዱም ይህ ጉዳት አይደርስባቸውም። ይሁን እንጂ አደጋው ሲደርስ እጅግ ከባድ ስለሆነና ሌላ አማራጭ መድኃኒት ስለሚገኝ፣ ዘረ መሉ ላለበት ሰው ካርባማዜፒንን አለመጀመር ተገቢ ነው።

አማራጩ ሲመረጥም ጥንቃቄ ያሻል። ካርባማዜፒንን ትቶ ወደ ኦክስካርባዜፒን ወይም ወደ ፌኒቶይን መሻገር አደጋውን ላያስቀር ይችላል፤ 15፡02 ከእነዚህም ጋር ይያያዛልና። ፌኒቶይንን በተመለከተ ሲዋይፒ2ሲ9 የተባለው፣ መድኃኒቱን በጉበት የሚሰብረውን ኢንዛይም የሚያሠራው ዘረ መልም ድርሻ አለው።

የሰውን መልክ ወይም ስም አይቶ ምርመራ አያስፈልገውም ማለትም ልክ አይደለም። 15፡02 በብዛት የሚገኘው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ በመጡ ሕዝቦች ነው፤ 31፡01 ግን በጃፓናውያንም በአውሮፓውያንም አለ፣ የአንድ ሰው የዘር ሐረግም በፊቱ ላይ አይነበብም።

ምርመራው የሚጠቅመው ውጤቱ ከመጀመሪያው ክኒን በፊት ሲደርስ ነው። ካርባማዜፒንን ያለ ችግር ለብዙ ወራት የወሰደ ሰው አብዛኛውን የአደጋ ጊዜ አልፏል፤ ስለ ዘረ መሉ ሰምቶ በድንጋጤ መድኃኒቱን በራሱ ቢያቋርጥ የሚጥል በሽታው በብርቱ ሊነሣበት ይችላል።

አሎፑሪኖልን በተመለከተ ዘረ መል ብቻውን አይወስንም፤ የኩላሊት ድካምና ከፍ ባለ መጠን መጀመር አደጋውን ያባብሳሉ። ስለዚህ 58፡01 ያልተገኘበት ሰውም ቢሆን በአነስተኛ መጠን መጀመር አለበት።

በመጨረሻ፣ አንድ ጊዜ ከባድ ጉዳት ያደረሰን መድኃኒት «የዘረ መል ምርመራው ምንም አላሳየም» በሚል ምክንያት እንደገና መሞከር ፈጽሞ አይገባም። አባካቪርን ከአለርጂ በኋላ ዳግም መውሰድ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። የመድኃኒቱ ስም በሕክምና ካርዱ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ዘረ መሉ ከወላጅ የሚወረስ በመሆኑም ወንድሞች፣ እኅቶችና ልጆች ያንኑ መድኃኒት ከመጀመራቸው በፊት ጉዳዩን ለሐኪማቸው እንዲናገሩ ሊነገራቸው ይገባል።