በጉበት ጠባሳ ላይ የአር ኤን ኤ ምልክቶችን ድርሻ የሚያጠና ጽሑፍ እንዴት ይነበባል?

ጅማ ውስጥ ለድኅረ ምረቃ ሴሚናር ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረብኩት ጥናት በአር ኤን ኤ፣ ማለትም ከዘረ መል ተቀድቶ ህዋሱ የትኛውን ፕሮቲን እንደሚሠራ በሚያዘው መልእክት ላይ፣ የሚለጠፈው የሜቲል ምልክት በጉበት ጠባሳ ላይ ስላለው ድርሻ የሚያትት ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅቼ «በታመመ ጉበት ውስጥ ምልክቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ጠባሳውን የሚያስከትለው ምልክቱ ነው» ብዬ ስቋጭ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንድ አንጋፋ ሐኪም እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ የጨመረው በየትኛው ህዋስ ውስጥ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ተመራማሪዎቹ ጉበቱን እንዳለ ፈጭተው እንደለኩት የተገነዘብኩት በዚያው ምሽት ጽሑፉን ደግሜ ሳነብ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው ከአጋሮ፣ ከሰቃና ከዴዶ ሆዳቸው ውሃ ቋጥሮ የሚመጡ ሕሙማንን ቀን እያዩ፣ ማታ ደግሞ እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን ለሚያነቡ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነው።

ጽሑፉን ከመክፈትዎ በፊት የጉበትን አሠራር በወረቀት ላይ በእጅዎ ይሳሉ። በጉበት ዋና ህዋሳትና በደም ሥሮቹ መካከል ጠባብ ክፍተት አለ፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ ካርል ፎን ኩፕፈር በ1876 እ.ኤ.አ. የገለጻቸው ኮከብ መሰል ህዋሳት ይኖራሉ። በጤናማ ጉበት ውስጥ እነዚህ ህዋሳት ቫይታሚን ኤን በቅባት ጠብታ መልክ ያከማቻሉ። ጉበት በሄፓታይተስ ቫይረስ፣ በአልኮል ወይም በስብ ክምችት ለረጅም ጊዜ ሲጎዳ ግን፣ በተለይ ቲ ጂ ኤፍ ቤታ የተባለው ህዋሳት እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ፕሮቲን ሲደርሳቸው፣ ያከማቹትን ቫይታሚን ይጥላሉ፤ እንደ ጡንቻ መኮማተር ይጀምራሉ፤ ኮላጅን የተባለውን ክር መሰል ፕሮቲንም በብዛት ያመርታሉ። ጠባሳ የምንለው የዚህን ኮላጅን ክምችት ነው። ሥዕሉ ላይ ሁለቱን የህዋስ ዓይነቶች በተለያየ ቀለም ይለዩ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነውና።

ሁለተኛው ዝግጅት ምልክቱን መረዳት ነው። እስካሁን በአር ኤን ኤ ላይ የታወቁት የኬሚካል ለውጦች ከ150 በላይ ሲሆኑ፣ በጉበት ጠባሳ ጥናቶች ውስጥ በብዛት የሚያጋጥምዎት ግን ኤም6ኤ የሚባለው፣ ማለትም አዴኖሲን በተባለው ፊደል ላይ የምትለጠፍ አንዲት ትንሽ የሜቲል ቅንጣት ናት። ለተማሪዎቼ የማቀርበው ምሳሌ የዜማ ምልክት ነው። በግዕዝ የዜማ መጽሐፍ ላይ ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡት ይዘት፣ ርክርክና ቁርጥ ቃሉን አይለውጡትም፤ መሪጌታው የቱን እንደሚያስረዝም፣ የቱን እንደሚቆርጥ ግን የሚያውቀው በእነርሱ ነው። ኤም6ኤም እንዲሁ መልእክቱ የሚያዘውን ፕሮቲን አይለውጥም፤ መልእክቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይና ምን ያህል እንደሚነበብ ግን ይወስናል። ምልክቱን የሚጽፈው በዋናነት ሜትል3 የተባለው ፕሮቲን ከሜትል14 ጋር ተጣምሮ ነው፤ የሚፍቁት ኤፍ ቲ ኦ እና አልክ ቢ ኤች5 ሲሆኑ የመፋቅ ሥራቸው በ2011 እና በ2013 እ.ኤ.አ. ታወቀ። የሚያነቡት ደግሞ ብዙ ናቸው፤ ዋይ ቲ ኤች ዲ ኤፍ2 ምልክት ያለበትን መልእክት ለመፍረስ ሲያሳልፈው፣ አይ ጂ ኤፍ2ቢ ፒ የተባሉት አንባቢዎች ከመፍረስ ይጠብቁታል። ስለዚህ «ምልክቱ ጨመረ» የሚለው ዓረፍተ ነገር፣ ያነበበው ማን እንደሆነ ካልተነገረ፣ ፕሮቲኑ ይጨምር ይቀንስ አይነግረንም። ይህ ምልክት በ1974 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታወቅ ከተጠኑት ህዋሳት መካከል የአይጥ የጉበት ዕጢ ህዋሳት እንደነበሩም ማስታወስ ተገቢ ነው፤ የጉበትና የዚህ ምልክት ታሪክ ከመነሻው የተያያዘ ነው።

አሁን ጽሑፉን ይክፈቱ፤ ሆኖም ከማጠቃለያው አይጀምሩ። በቀጥታ ወደ አሠራር ዘዴው ይሂዱና የተለካው ሙሉ ጉበት ነው ወይስ የተለየ ህዋስ የሚለውን ይፈልጉ። ጠባሳ ያለበት ጉበት የህዋሳት ስብጥሩ ይለወጣል፤ ዋና ህዋሳት ይሞታሉ፣ ኮከብ መሰሎቹ ይበዛሉ፣ የመከላከያ ህዋሳትም ከደም ይገባሉ። ጉበቱ እንዳለ ከተፈጨ፣ በአንድም ህዋስ ውስጥ ምንም ሳይለወጥ፣ የህዋሳቱ ብዛት በመለወጡ ብቻ የምልክቱ መጠን የጨመረ ሊመስል ይችላል። ይህ ተራ ጥንቃቄ አይደለም። በአይጥ ኮከብ መሰል ህዋሳት ውስጥ ሜትል3 ሲወገድ ጠባሳው እንደሚቀንስ የዘገቡ ጥናቶች አሉ፤ በሌላ በኩል ሜትል3 ከጉበት ዋና ህዋሳት ሲወገድ ጉበቱ ራሱ እንደሚጎዳ የዘገቡም አሉ። ሁለቱ አይጋጩም፤ የተናገሩት ስለ ተለያየ ህዋስ ነው። ሰው በደም ሥሩ ወይም በአፉ የሚወስደው መድኃኒት ግን ሁለቱንም ህዋሳት ያገኛቸዋል፤ በእኔ እምነት የዚህ መስክ ትልቁ ያልተፈታ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ቁጥሮቹን ይመርምሩ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ ምልክቱን በሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል የአር ኤን ኤ ቁርጥራጮችን ለቅሞ መቁጠር ነው። ለትምህርት ያህል ከራሴ ባወጣሁት ምሳሌ ላሳይ። የአንድ ኮላጅን መልእክት በጤናማ ጉበት ውስጥ ተለቅሞ 200፣ ሳይለቀም በጠቅላላው 100 ጊዜ ተቆጠረ እንበል፤ በታመመው ጉበት ደግሞ ተለቅሞ 800፣ በጠቅላላው 400። የተለቀመውን ብቻ ያየ ሰው «ምልክቱ በአራት እጥፍ ጨመረ» ይላል። ሲያካፍሉት ግን 200 ለ100 ሁለት ነው፤ 800 ለ400ም ሁለት ነው። የጨመረው መልእክቱ እንጂ ምልክቱ አይደለም። የጽሑፉን አባሪ ሠንጠረዥ አውርደው ቢያንስ የዋናውን መልእክት ሒሳብ ራስዎ ያካፍሉ፤ ሥራው በካልኩሌተር አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ከማንኛውም ውብ ሥዕል ይልቅም ብዙ ይነግርዎታል። ፀረ እንግዳ አካሉ ተቀራራቢ የሆነ ሌላ ምልክትንም እንደሚይዝ፣ የሚሰጠውም ቦታ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ፊደል የሚደርስ ስፋት እንጂ አንዲቷን ፊደል እንዳልሆነ አይዘንጉ።

ከዚያ ደራሲዎቹ ምልክቱ ራሱ ምክንያት መሆኑን አሳይተዋል ወይ ብለው ይጠይቁ። ሜትል3ን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ፕሮቲኑ ከመጻፍ ውጭ ሌላ ሥራም ሊኖረው ይችላልና። ጠንካራ ማስረጃ የሚባለው ሦስት ነገር ነው፦ መጻፍ እንዳይችል ተደርጎ የተለወጠ ሜትል3 ወደ ህዋሱ ሲመለስ ውጤቱ እንደማይመለስ፤ በመልእክቱ ላይ ያቺ አንዲት አዴኖሲን ስትለወጥ ውጤቱ እንደሚጠፋ፤ አዲስ አር ኤን ኤ እንዳይመረት በአክቲኖማይሲን ዲ ከታገደ በኋላ የመልእክቱ ዕድሜ ተለክቶ እንደተለወጠ። ሦስቱም የተሟሉበት ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ሁለቱ ካሉ ግን በጥሞና ያንብቡት።

የጉዳቱን ዓይነት መመርመር በተለይ ለእኛ አካባቢ ወሳኝ ነው። አብዛኞቹ ሥራዎች ካርቦን ቴትራክሎራይድ የተባለ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ በተወጉ አይጦች፣ የሐሞት ቧንቧቸው በታሰረ አይጦች፣ ወይም ኤል ኤክስ2 በተባለ በሳህን ውስጥ በሚያድግ የሰው ኮከብ መሰል ህዋስ ላይ የተሠሩ ናቸው። በጅማ ዙሪያ ባሉ ወንዞችና ጅረቶች የሚገኘው ማንሶኒ የተባለው የቢልሃርዚያ ዝርያ ግን ጉበትን የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው፤ የትሉ እንቁላሎች ወደ ጉበት በሚገባው የደም ሥር ጫፎች ላይ ተወሽቀው ጠባሳው በዚያው ዙሪያ ይሠራል፤ ዋና ህዋሳቱም በአብዛኛው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በካርቦን ቴትራክሎራይድ የሚመጣው ጠባሳ የሚጀምረው ደም ከሚወጣበት ሥር ዙሪያ ነው። በአንደኛው የተገኘ ውጤት በሌላኛው እንደሚደገም ቀድሞ መገመት አይገባም።

መድኃኒቱ ወይም የዘር ለውጡ መቼ እንደተደረገም ቀኑን ቆጥረው ያረጋግጡ። ከጉዳቱ ጋር አብሮ የተሰጠ ከሆነ ጥናቱ ስለ መከላከል እንጂ ስለ ማከም አይናገርም፤ ወደ ሕክምና የሚመጡት ሕሙማን ደግሞ ጠባሳው ሥር ከሰደደ በኋላ የመጡ ናቸው። ከጉዳቱ በኋላ የተሰጠ ከሆነ፣ መርዙ ሲቋረጥ የአይጥ ጉበት በራሱ ጊዜ ስለሚያገግም፣ መድኃኒት ያልተሰጠው የማነጻጸሪያ ቡድን መኖሩን ይመልከቱ። ካርቦን ቴትራክሎራይድ መርዛማ የሚሆነው ጉበት ውስጥ ባለ ኢንዛይም ተለውጦ ስለሆነ፣ ኢንዛይሙን የሚያዳክም ማንኛውም ነገር ጠባሳን ያዳነ ይመስላል።

የጠባሳው ልኬት ብዙ አያቆይዎትም፦ ኮላጅንን በሚያቀልመው ሲርየስ ቀይ የተቀለመ ሥዕልና የኮላጅን አካል የሆነው የሃይድሮክሲፕሮሊን መጠን አብረው ከቀረቡ ጥሩ ነው፤ የህዋሱን መነቃቃት የሚያሳየው አልፋ ስሙዝ መስል አክቲን ብቻውን ግን የኮላጅን ክምችት ማስረጃ አይሆንም።

በሴሚናሩ ላይ ከሐኪሞች በኩል «ታዲያ ለታካሚዬ ምን ላድርግለት?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ጥያቄው ትክክል ነው፣ ቀጥተኛ መልስም ይገባዋል። ይህን ምልክት ዒላማ አድርጎ ለጉበት ጠባሳ የተፈቀደ መድኃኒት የለም፤ ሜትል3ን የሚያግዱ ውህዶች በሰው ላይ መሞከር የጀመሩት በካንሰር ሕክምና ነው። ቴኖፎቪርን ለዓመታት የወሰዱ የሄፓታይተስ ቢ ሕሙማን ጉበት በናሙና ሲታይ ጠባሳው እንደሚቀንስ ግን ታውቋል፤ ለቢልሃርዚያም ፕራዚኳንቴል አለ። ጠባሳ ወደ ኋላ የሚመለስ መሆኑ ነው የአር ኤን ኤውን ጥናት እንድከታተል የሚያደርገኝ፤ ጉዳቱን ማስቆም በማይቻልበት ሕመምተኛ ላይ ኮከብ መሰል ህዋሱን ራሱን ማረጋጋት ቢቻል ብዙ ሕይወት ይተርፋል።

በመጨረሻም ከሴሚናሩ በፊት በነበረው ምሽት አንድ ዓረፍተ ነገር በእጅዎ ይጻፉ፦ «በእነዚህ ህዋሳት ውስጥ፣ በዚህ ጉዳት ምክንያት፣ በዚህ መልእክት ላይ ያለው ምልክት ጨመረ ወይም ቀነሰ፤ ይህ አንባቢ አነበበው፤ መልእክቱም ዕድሜው ረዘመ ወይም አጠረ።» ጽሑፉ ያልመለሰውን ቦታ በግምት አይሙሉት፤ ባዶውን ይተዉትና ለታዳሚው ሲያቀርቡ ባዶውን ራሱን በጣትዎ ያመልክቱ። ያኔ ከኋላ ወንበር ለሚነሳው ጥያቄ መልሱ በእጅዎ ባለው ወረቀት ላይ ይገኛል።