ለፕሮጀክተር የሚሆን አኒሜሽን ስንት በስንት ሬንደር ይደረግ?

ደንበኛ «በፎር ኬ ሥራልኝ» (በ3840 በ2160 ፒክስል ማለቱ ነው) ሲለኝ መልሴ ጥያቄ ነው፦ የት አዳራሽ ነው የሚታየው? ፕሮጀክተሩስ የቱ ነው? ብዙዎች ካርቶኑ ላይ ያነበቡትን ይነግሩኛል፤ «ፎር ኬ ሰፖርት ያደርጋል»። ፎር ኬ ቪዲዮ ሲገባለት ተቀብሎ ወደ ራሱ መጠን ያሳንሰዋል ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ሸራው ላይ የሚያርፈው ኔቲቭ ሪዞሉሽኑ፣ ማለትም ፕሮጀክተሩ ራሱ ያለው የፒክስል ብዛት ነው፤ ሬንደርም (አኒሜሽኑን ወደ ምስል የመቀየሩ ሥራ) በእሱ ልክ ይደረግ።

ከፕሮጀክተሩ ሥር ያለውን ስቲከር ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩላችሁ። በሞዴሉ ቁጥር ስትፈልጉ አምራቹ «ኔቲቭ» ብሎ የጻፈውን ታገኛላችሁ። የቆዩት የስብሰባ አዳራሽ ፕሮጀክተሮች ብዙውን ጊዜ 1024 በ768 ወይም 1280 በ800፣ ሻል ያሉት 1920 በ1080 ወይም 1920 በ1200 ናቸው። በርካሽ ከሚሸጡት ትንንሽ ኤልኢዲዎች መካከል፣ ካርቶኑ የፈለገውን ቢል፣ 800 በ480 የሆኑ አሉ።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨቀጭቅ ሒሳቡ ይናገራል። 3840 በ2160 ማለት 8,294,400 ፒክስል ነው፤ 1280 በ800 ደግሞ 1,024,000። ስምንት እጥፍ! በሳይክልስ (የአኒሜሽን ሶፍትዌሩ የብሌንደር ሬንደር ማድረጊያ) የሬንደር ጊዜ ከፒክስሉ ጋር አብሮ ያድጋል። በ1280 በ800 አንድ ፍሬም (የቪዲዮው አንድ ምስል) አንድ ደቂቃ ከፈጀ፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም ያለው የ30 ሴኮንድ ሥራ (750 ፍሬም) 12 ሰዓት ተኩል ይወስዳል። በፎር ኬ ግን ወደ 100 ሰዓት ይጠጋል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። መብራት ስለሚጠፋም በቀጥታ ወደ ኤምፒ4 አታውጡ፤ ፍሬሞቹን በፒኤንጂ፣ እያንዳንዱን ለየብቻው የምስል ፋይል አድርጋችሁ አውጡና ከቆመበት ቀጥሉ።

ቅርጹንም እዩ። 1024 በ768 ፕሮጀክተር ላይ 16 በ9 ቪዲዮ ሲታይ ምስሉ 1024 በ576 ይሆናል፤ 192 መስመር ከላይና ከታች ጥቁር ሆኖ ይባክናል። ካሜራውን ገና ከመነሻው በ4 በ3 ብታቆሙት ይሻላል።

የተመልካቹ ርቀትም አለ። ሸራው 3 ሜትር ስፋት ካለውና ምስሉ 1280 ፒክስል ከሆነ አንዷ ፒክስል 2.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ጤናማ ዓይን ከ8 ሜትር ወዲያ አይለያትም። ፊት ወንበር የሚቀመጡት እንግዶች ግን ያዩዋታል፤ ስለዚህ ለእነሱ ስትሉ ቀጭን መስመርና ጥቃቅን ፊደል አታብዙ።

ፕሮጀክተሩ ጨርሶ ካልታወቀ 1920 በ1080 ውሰዱ፤ ሲያንስም ብዙ አያስከፋም። የሙከራ ሬንደሩን በብሌንደር የሪዞሉሽን ፐርሰንት 50 ላይ አድርጉ።

ከዝግጅቱ በፊት ባለአንድ ፒክስል ጥቁርና ነጭ መስመሮች ያሉበት አንድ ምስል በኔቲቩ ልክ ሠርታችሁ አዳራሽ ውስጥ ክፈቱ። መስመሮቹ ከተለያዩ ደህና ነው። ግራጫ ከሆኑ ወይም ማዕበል ከሠሩ የሆነ ቦታ ምስሉ እየተለጠጠ ነው፦ ላፕቶፑ «ዱፕሊኬት» (የራሱን ስክሪን ለፕሮጀክተሩ መድገም) ላይ ከሆነ «ኤክስቴንድ» (ፕሮጀክተሩን እንደ ሁለተኛ ስክሪን መጠቀም) አድርጉና የፕሮጀክተሩን ሪዞሉሽን ምረጡ። ካልተስተካከለ ኪስቶኑን (የተጣመመ ምስል ማቃኛውን) ዜሮ አድርጉ፤ ምስሉ ከተጣመመ ፕሮጀክተሩን ራሱን ከሸራው ትይዩ አስቀምጡት፣ ጠረጴዛ ላይ ጠረጴዛ መደረብ ቢያስፈልግም።