ተጫዋቾቹ ምስጢሬን ቀድመው አወቁት፦ የዲኤንዲ ሳይት ችግሮችና መፍትሄያቸው

ዲኤንዲ (ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ ታሪክ እየተረኩ ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱት የሚና ጨዋታ) የምንጫወተው ስድስት ሆነን ነው። አራታችን አዲስ አበባ፣ ሁለቱ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ። ዲኤሙ እኔ ነኝ፤ ታሪኩን የምመራው፣ የጭራቁንም የባለሱቁንም ድምፅ የማወጣው ማለት ነው። ዘመቻው (ከሳምንት ሳምንት የሚቀጥለው ታሪክ) ሲረዝም "ያ ቁልፉን የሰጠን ሽማግሌ ማን ነበር ስሙ?" የሚል ጥያቄ በዛ። ሳይት ሠራሁ። ጣጣው ከዚያ ጀመረ።

ተጫዋቾቹ ያልተነገራቸውን ያውቃሉ

ታሪኩ ውስጥ አንድ መነኩሴ አለኝ፤ ከሃዲ ነው። ይህን ለወራት ደብቄ አቆይቼዋለሁ። ገና በሩ ላይ ብቅ ሲል ጠንቋዩን የሚጫወተው ጓደኛችን "እኔ ከዚህ ሰውዬ ጋ አንድ ክፍል አላድርም" አለ። መነኩሴው ሰላም እንኳን አላለም!

ጥፋቱ የኔ ነበር። ሳይቱ ያለው ጊትሃብ ፔጅስ (ጊትሃብ ላይ ካስቀመጣችሁት ፋይል ሳይት የሚያወጣ አገልግሎት) ላይ ነው። በነፃ አካውንት ፔጅስ የሚሠራው ሪፖዚተሪው (የፋይሎቹ ማከማቻ) ለሁሉም ክፍት ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳይቱ ላይ ያላወጣችሁት ፋይል ሁሉ ሪፖዚተሪው ውስጥ ተዘርግቶ ይታያል። እኔ ደግሞ ፎልደሩን "ምስጢር" ብዬ ነበር የሰየምኩት። ሌላ ምን ምልክት ይፈልጋል?

ፋይሉን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ጊት (ጊትሃብ የሚጠቀምበት የለውጥ መዝጋቢ) የድሮውን ሁሉ ስለሚያስቀምጥ የለውጦቹን መዝገብ ከፍቶ ማንበብ ይቻላል። ቀላሉ መንገድ ለተጫዋቾች የሚሆነውን ብቻ ይዞ አዲስ ሪፖዚተሪ መክፈትና አሮጌውን መሰረዝ ነው። የዲኤም ማስታወሻ ለብቻው ዝግ ቦታ ይቀመጥ።

ዎርድፕረስ የሚባለውን የሳይት መሥሪያ የምትጠቀሙም አትዘናጉ። ገጹን "ፕራይቬት" ብትሉት እንኳ ውስጡ ያለው ፎቶ ቀጥተኛ ሊንኩ ላለው ሰው ይከፈታል። ጽሑፍን በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) መደበቅም ያው ነው፤ የገጹን ሶርስ፣ ማለትም ከጀርባው ያለውን ኮድ፣ የከፈተ ያነበዋል። ካርታ ከሆነ ሁለት የተለያየ ፋይል አውጡ፤ ምስጢራዊው በር ያለበት ለናንተ፣ የሌለበት ለነሱ። የፋይሉን ስምም ተመልከቱ። "ወጥመድ ያለበት ክፍል" የሚል ስም ካርታው ሳይከፈት ሁሉን ይናገራል።

ሊንኩን ለተጫዋቾቹ ከመላካችሁ በፊት ሳይቱን ሎግኢን ባላደረጋችሁበት ስልክ ክፈቱት። ተጫዋቾቹ የሚያዩት ያንን ነው።

ፍለጋው ምንም አያገኝም፣ ገጹ ግን አለ

ይሄ የኛው የአማርኛ ጣጣ ነው። እኔ "ንጉሥ" ብዬ ጽፌያለሁ፣ ተጫዋቹ "ንጉስ" ብሎ ይፈልጋል። ለኛ አንድ ቃል ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሥ እና ስ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። "ፀሐይ" የሚለው ብቻ በስንት መልክ እንደሚጻፍ አስቡት።

ኮድ የምትነኩ ከሆነ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ የምትቀይር ትንሽ ሰንጠረዥ ሥሩ። ሰንጠረዡ የሚፈለገው ቃል ላይም ገጹ ላይም ይሠራ፤ አንዱ ላይ ብቻ ከሆነ ሁለቱ አይገጣጠሙም። የሚነበበውን ጽሑፍ ግን አትንኩት፣ ለፍለጋ የሚሆነውን ቅጂ ብቻ ቀይሩ። "ፀሐይ ሠረቀች" ብሎ በጥንቃቄ የጻፈን ሰው "ሰረቀች" ብላችሁ ፀሐይን ሌባ ካደረጋችሁበት አይለቃችሁም።

ኮድ የማትነኩ ከሆነ ከገጹ ግርጌ የስሙን ሌላ አጻጻፍ ጨምሩ። ያምራል አልልም፣ ግን ይሠራል።

ቴሌግራም ላይ የላካችሁት ሊንክ ግማሽ ገጽ ይሞላል

የገጹ አድራሻ ከአማርኛው ርዕስ ስለተሠራ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ ኤይት (ኮምፒውተር ፊደልን በሚመዘግብበት ሥርዓት) 3 ባይት ይይዛል። አድራሻ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት የፐርሰንት ምልክትና ሁለት ቁምፊ ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ፊደል 9 ቁምፊ ወጣው ማለት ነው። ዎርድፕረስ ደግሞ ከ200 ቁምፊ በላይ ያለውን ስለሚቆርጠው ከ22 ፊደል ገደማ በኋላ ያለው ርዕሳችሁ የለም።

አድራሻውን በላቲን ፊደል አጭር አድርጋችሁ በእጃችሁ ጻፉ። አንዴ ከላካችሁት በኋላ አትቀይሩት። የግድ ከሆነ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚመራ ሪዳይሬክት አስቀምጡ።

ዲሲ ያለው ተጫዋች አንድ ሰዓት አርፍዶ ይገባል

ሳይቱ ላይ "ቅዳሜ 8 ሰዓት" ብዬ ነበር። እኛ ምሳችንን በልተን ከሰዓት ቁጭ ብለናል። እሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 8 ሰዓት መስሎት ከች አለ። በነሱ በጋ የኛ 8 ሰዓት ለእነሱ ጠዋት 7 ነው። እነሱ ሰዓታቸውን ወደኋላ ሲመልሱ ደግሞ፣ ማለትም በኛ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ መጋቢት መግቢያ፣ ጠዋት 6 ይሆናል። እኛ ሰዓት አንቀይርም፣ እነሱ ይቀይራሉ።

ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን ከነከተማው ጻፉ። ከዚያም የተሻለው የጉግል ካሌንደር ግብዣ መላክ ነው፤ የእያንዳንዱን ሰው ሰዓት ራሱ ያስተካክላል።

ካርታው በስልክ አይከፈትም

ከመሥሪያው ፕሮግራም እንደወጣ ስለጫናችሁት ነው። ወደ ዌብፒ (መጠኑ ቀለል ወዳለ የምስል ፋይል ዓይነት) ቀይሩት፤ ስፋቱን 2000 ፒክስል አካባቢ አድርጉት። የሞባይል ዳታ የሚከፍለው ተጫዋቹ መሆኑን አትርሱ።

ሳይቱ አንድ ቀን ጠዋት የለም

አብዛኛውን ጊዜ ዶሜይኑ (የሳይቱ ስም) ሳይታደስ ቀርቶ ነው። እኛ ጋ የውጭ ካርድ ያለው ሰው ስለሚከፍል ማሳሰቢያው የሚሄደው ወደ እሱ ኢሜይል ነው። እሱ ደግሞ ያንን ኢሜይል ከከፈተው ስንት ጊዜው። ኢሜይሉን ሁለት ሰው የሚያየው ይሁን፤ የሚያልቅበትን ቀንም ሁላችሁም ስልክ ላይ መዝግቡት። ሳይቱ ኖሮ ብራውዘሩ "አስተማማኝ አይደለም" ካለ ግን ሰርተፊኬቱን (የሳይቱን ማንነት ለብራውዘሩ የሚያረጋግጠውን) እዩ። በነፃ የሚሰጠው የሌትስ ኢንክሪፕት ድርጅት የተለመደው ሰርተፊኬት 90 ቀን ነው የሚቆየው፤ በራሱ እንዲታደስ ካልተደረገ ያልቃል።

ባክአፕ? ወር በወር አውርዱና ከሆስቲንጉ (ሳይቱ ከተቀመጠበት ሰርቨር) ውጭ አስቀምጡ።

ማንም አያነበውም

ይሄኛው በኮድ አይፈታም። የአምስት ሺህ ዓመት የነገሥታት ታሪክ ጽፌ ነበር፤ ከኔ በቀር ማንም አልከፈተውም። ተጫዋቹ የሚፈልገው ባለፈው ምን እንደሆነ፣ ማን ምን ዕዳ እንዳለበትና ቦርሳው ውስጥ ስንት ወርቅ እንደቀረ ነው። ይህን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ከ200 ቃል ባልበለጠ አድርጉት፤ ንጉሦቹ ወደ ታች ይውረዱ።

ማጠቃለያውንም እናንተ አትጻፉት። እኔ ለጠንቋዩ ሰጠሁት። በ2014 (እ.ኤ.አ.) በወጣው 5ኛ እትም ዲኤሙ የሚሸልመው "ኢንስፒሬሽን" አለ፤ ባለ 20 ፊቱን ዳይስ ሁለቴ ጥሎ የተሻለውን ለመያዝ ያስችላል። ለእያንዳንዱ ማጠቃለያ አንድ እሰጠዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ድራጎኑን ብቻውን እንደገደለ አድርጎ ጻፈ። ሌሎቹ ሊያርሙት በዚያው ሌሊት ፓስወርድ ጠየቁኝ።