ለጣና ዳር ቤተ መጻሕፍት፦ ክፍት ዳታን መርጦ ለአንባቢ ማድረስ

ክፍት ዳታ፣ ማለትም ማንም በነፃ ወስዶ እንዲጠቀምበት የተፈቀደ መረጃ፣ ማውረድ ማንም ይችላል፤ የሚከብደው ሰው እንዲጠቀምበት አድርጎ ማዘጋጀቱ ነው። ሥራውን ከመቀበያ ጠረጴዛው ጀምሩ። ለአንድ ወር ያህል አንባቢ የሚጠይቃችሁን በደብተር መዝግቡ። ባሕር ዳር ላይ ተማሪው ለመመረቂያ ጽሑፉ የዝናብ መጠን፣ ሌላው የክፍለ ከተማ ካርታ፣ ሌላው ስለ እምቦጭ ይጠይቃል። ደጋግመው ከመጡት ሦስት ወይም አራት ጥያቄዎች አትለፉ። ማንም የማያድሰው ሠላሳ ፋይል አቧራ ከጠጣ መደርደሪያ አይሻልም።

ፋይሉን ከመቀበላችሁ በፊት ፈቃዱን አንብቡ፤ ድረ ገጽ ላይ የተገኘ ሁሉ ክፍት አይደለም። ሲሲ ባይ (CC BY) የሚል የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ከሆነ የባለቤቱን ስም ጠቅሶ ማባዛት ይቻላል። ኤንሲ (NC) የሚል ከታከለበት ለንግድ አይውልም፤ ያን ካርታ በር ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት አትሞ ቢሸጠው ችግር ነው። ኤንዲ (ND) ካለበት አሻሽሎ ማሰራጨት ስለማይፈቅድ ወደ አማርኛ ለመመለስ አይመችም፤ ተዉት። በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁት ነፃ የዓለም ካርታ፣ ኦፕንስትሪትማፕ፣ የራሱ ፈቃድ አለው፦ አዘጋጆቹን መጥቀስ ግዴታ ነው፤ ዳታውን አሻሽላችሁ ካሰራጫችሁም በዚያው ፈቃድ ነው።

የዝናቡን ጉዳይ ሰፋ አድርገን እንየው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቺርፕስ የሚባለው ዳታ የሳተላይት ግምትን ከጣቢያ ልኬት ጋር ያጣመረ ሲሆን ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየቀኑን ዝናብ ይዟል። ክላይሜትሰርቭ በተባለው ድረ ገጽ ላይ አካባቢውን ከልላችሁ በሲኤስቪ (ኤክሴል በሚከፍተው ተራ የሠንጠረዥ ፋይል) ማውረድ ትችላላችሁ። አንዱ የካርታ አራት ማዕዘን ጎኑ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ዘጌ ላይ የሚገኘው ቁጥር የቡና ጫካውንም ሐይቁንም አደባልቆ ሊይዝ ይችላል። ለአንድ ሰው ማሳ የሚሆን ልኬት አይደለም፤ ይህን ፋይሉ ላይ ጻፉት።

ወርኃዊውን ፋይል አውርዶ «ጁላይ» የሚለውን «ሐምሌ» ብሎ መለወጥ አይሆንም። ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ነው፤ ሐምሌ 30 ደግሞ ኦገስት 6። በክረምቱ እምብርት አንድ ሳምንት መዛነፍ ድምሩን ያበላሻል። የየቀኑን አውርዱና ሁለቱን ቀኖች ጨምሮ በመካከላቸው ያሉትን 30 ረድፎች ደምሩ። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግስት ደግሞ ከመስከረም እስከ የካቲት ያለው በአንድ ቀን ይገፋል፦ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው። ለጳጉሜን የራሷን ዓምድ ስጧት፤ ከነሐሴ ጋር ስትደመር ነሐሴን ያለ ልኩ ታበዛዋለች። ዓመተ ምሕረትም ያለ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» አይጻፍ።

ቀጥሎ ኤክሴል አለ። የአማርኛ ሲኤስቪ በቀጥታ ሲከፈት ፊደሉ ወደ ትርጉም የለሽ ምልክት የሚለወጠው ፕሮግራሙ ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት መቀመጡን ስለማያውቅ ነው፤ ስታስቀምጡ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጡ። ቀበሌ 07 ዜሮዋን ጥላ 7 እንዳትሆን ዓምዱን አስቀድማችሁ «ቴክስት» አድርጉት። «ባሕር ዳር» እና «ባህር ዳር» ለሰው አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ከተማ ናቸውና ሠንጠረዦች ሲገናኙ ረድፍ ይጠፋል። መፍትሔው በስም ሳይሆን በቦታ ኮድ ማገናኘት ነው፤ ኤችዲኤክስ (HDX) በተባለው የተባበሩት መንግሥታት የዳታ ድረ ገጽ ላይ ባሉት የአስተዳደር ወሰን ፋይሎች የአማራ ክልል ኮድ ET03 ነው።

ለእምቦጭ ሴንቲኔል 2 የተባሉት ሳተላይቶች ምስል በነፃ ይገኛል፤ አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። የክረምቱን ምስል ደመና ስለሚሸፍነው ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ፈልጉ። ዳርቻ ላይ ያለ አረንጓዴ ሁሉ እምቦጭ አይደለም፤ ደንገሉም የፎገራ ሩዝም አረንጓዴ ነው። ቦታውን የሚያውቅ ዓሣ አስጋሪ ሳያየው ካርታው ግድግዳ ላይ አይለጠፍ።

የሰው ስም፣ ስልክ ወይም የቤት ቁጥር ያለበትን ፋይል አታሰራጩ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ስም ቢሰረዝም በአንድ ጎጥ ሦስት አባወራ ብቻ ካለ ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ እንዲህ ያለውን በቀበሌ ደረጃ ደምሩት።

ለማካፈል ከወረቀት ጀምሩ፦ በኤ3 የታተመ አንድ ግራፍ፣ ከሥሩ ምንጩ፣ የወረደበት ቀንና ፈቃዱ። ሙሉውን ፋይል በቴሌግራም ስትልኩ በሰነድነት ይሁን፤ ካርታ በፎቶ መልክ ከተላከ ይጨመቅና ጽሑፉ አይነበብም። በፍላሽ ማካፈል ፋይሎችን ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ያዛምታል፤ ዋናውን ቅጂ በሰው ፍላሽ አትንኩት። ኢንተርኔት ሲቋረጥም የሚሠራው ራውተርና ፋይሎቹን በሚሞሪ ካርድ የሚይዘው ራስቤሪ ፓይ የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፦ አንባቢው በስልኩ ዋይፋይ ገብቶ ያወርዳል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ግን ሚሞሪ ካርዱ ይበላሻል። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ አነስተኛ ዩፒኤስ ግዙ፤ የካርዱን ሙሉ ቅጂም ሌላ ካርድ ላይ አስቀምጡ።

እያንዳንዱ ፋይል አጠገብ ባለአንድ ገጽ ማብራሪያ ይኑር፦ ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳወጣው፣ ለምን እንደማይሆን፣ መቼ እንደሚታደስና ስሕተት ያገኘ ለማን እንደሚናገር። የሚታደስበት ቀን ያለፈውን ፋይል በዚያው ሳምንት አድሱት፤ ካልሆነም ከራስቤሪ ፓዩ አንሱት።