ስኩተሩን ከመግዛታችሁ በፊት ካምፐሩን መዝኑት

ካምፐር፣ ማለትም ውስጡ አልጋና ወጥ ቤት ያለው መኪና፣ የያዘ ሰው ችግሩ የሚጀምረው ከደረሰ በኋላ ነው። ሰባት ሜትር መኪና ይዞ ጣሊያን ይገባል። ቦታ ይይዛል፣ መብራት ይሰካል፣ ጥላውን ይዘረጋል፣ ወንበር ያወጣል። ከዚያ ዳቦ ያልቃል። ዳቦ ቤቱ ያለው አራት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ኮረብታ ላይ በተሠራ መንደር ውስጥ ነው። ለአንድ ዳቦ ሙሉ ቤት ነቅሎ መሄድ! ቢሄድም መንገዱ ጠባብ ነው። መንደሩ መግቢያ ላይ ደግሞ «ዜድ ቲ ኤል» የሚል ምልክት ቆሟል፤ ፈቃድ የሌለው መኪና አይግባ ማለት ነው። ካሜራው ታርጋውን ያነሳል፤ ቅጣቱ ከወራት በኋላ ጀርመን ቤታችሁ ድረስ በፖስታ ይመጣል። (ስኩተር የሚገባበት ከተማ አለ፣ የማይገባበትም አለ። ምልክቱን ቆም ብሎ ማንበብ ነው።)

ስለዚህ ብዙዎቻችን ካምፐሩ ላይ ስኩተር እንጭናለን። እኔና ባለቤቴም ገዛን፤ ከዚያ ሸጥን፤ ከዚያ እንደገና ገዛን። የመጀመሪያውን የመረጥነው በዓይናችን ነው። ሁለተኛውን የመረጠልን ካምፐሩ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የራሴ ናቸው።

ስኩተሩን አስቀድሞ ሚዛኑን ማስከተል

አብዛኛው ካምፐር የተመዘገበው 3,500 ኪሎ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በተራው የመኪና መንጃ ፈቃድ፣ በ«ቢ»፣ የሚነዳው እስከዚያ ስለሆነ ነው። ይህ ቁጥር መኪናው ባዶውን የሚመዝነው አይደለም። ሰውም ዕቃም ጭኖ ሊያልፈው የማይገባ ጣሪያ ነው። ሻጩ «550 ኪሎ ይጭናል» ይላችኋል። አልዋሸም። ግን 550ውን ምን ምን እንደሚበላው አይነግራችሁም።

እንቁጠር። ወረቀቱ ላይ ባለው የመነሻ ክብደት ውስጥ ለሹፌሩ 75 ኪሎ ገብቷል። የባለቤታችሁ ግን አልገባም፤ 65 እንበል። የውሃ ታንከሩን ስትሞሉት ተጨማሪ 80። ግድግዳው ላይ የሚታጠፈው ጥላ 30። ሁለተኛ ባትሪና ሶላር 35። ልብስ፣ ምግብ፣ ወንበር፣ ጠረጴዛና ድስት ተደምሮ በቀላሉ 150። (እኛ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድም ይጫናል። ስለ ምጣዱ ባንነጋገር ይሻላል።) ድምሩ 360 ነው። የቀረው 190።

ከኋላ የሚገጠመው የስኩተር መጫኛ ብቻውን 40 ኪሎ ቢመዝን፣ ሁለት ሄልሜት፣ ጃኬትና ሰንሰለት 15 ቢሆኑ፣ ለስኩተሩ 135 ቀረ። አሁን ስኩተሮቹን እንመልከት። ሆንዳ ፒሲኤክስ 125 ወደ 130 ኪሎ ይመዝናል። ሆንዳ ኤስኤች 125 ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። ሆንዳ ቪዥን 110 እና ያማሃ ዲላይት 125 ግን 100 ኪሎ ገደማ ናቸው። መደብር ውስጥ ቆማችሁ ስታዩት ሠላሳ ኪሎ ምንም አይመስልም። ሚዛን ላይ ስትቆሙ ግን ማለፍና መውደቅ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ካምፐሩን ለጉዞ እንደምትወጡ አድርጋችሁ ጫኑት። ውሃ፣ ጋዝ፣ ነዳጅ፣ ባለቤት፣ ምጣድ፣ ሁሉም ይግባ። ከዚያ የጭነት መኪና ወደሚመዘንበት ሚዛን ውሰዱት። ጀርመን ውስጥ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዙ ድርጅቶችና እህል ነጋዴዎች ጋር ይገኛል፤ ክፍያው ትንሽ ነው። እኛ ይህን ያደረግነው ስኩተሩን ገዝተን፣ መጫኛውን አስገጥመን ከጨረስን በኋላ ነበር። 3,590 አለን። ሚዛኑ ቤት ያለው ሰውዬ ቁጥሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ምንም ሳይል ደረሰኙን ሰጠኝ።

ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ውስጥ በዕረፍት ወቅት ፖሊስ ካምፐር እያስቆመ ይመዝናል። ከቅጣቱ ሌላ፣ ትርፉን ካላወረዳችሁ አትሄዱም ሊሏችሁ ይችላሉ። መንገድ ዳር ምን ታወርዳላችሁ? ስኩተሩን አውርዶ አንዱ እየነዳው መከተል ነው እንግዲህ።

«ለምን ካምፐሩን ከ3,500 በላይ አላስመዘግበውም?» የሚል አይጠፋም። ብዙ ካምፐሮች ላይ ይቻላል። ግን ያኔ «ሲ1» መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 በፊት የድሮውን የጀርመን ክፍል 3 ያወጣችሁ ግን ነፃ ናችሁ። ኦስትሪያ ላይም የአውራ ጎዳና ክፍያ የሆነው የመስታወት ተለጣፊ አይሠራም፤ አውራ ጎዳናውን በኪሎ ሜትር እየቆጠረ የሚያስከፍል ሣጥን ትገጥማላችሁ። ለአንድ ስኩተር ብሎ እዚህ ውስጥ መግባት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ጠቅላላውን አይቶ የኋላውን አክስል መርሳት

ጭነቷ ወደ ኋላ ያደላባት አህያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የፊት እግሯ ይቀልና መሄድ ያቅታታል። ካምፐርም እንደዚያው ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት አራት ሜትር ነው እንበል፤ ብዙ ካምፐር የሚሠራበት ረጅሙ ፊያት ዱካቶ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስኩተሩና መጫኛው በድምሩ 150 ኪሎ ሆነው ከኋላው ጎማ 2.4 ሜትር ወደ ኋላ ተንጠልጥለዋል። 4 እና 2.4 ደምሩ፣ 6.4። በ150 አባዙት፣ ለ4 አካፍሉት፣ 240 ይመጣል። የኋላው አክስል፣ የኋላ ጎማዎቹን የሚይዘው ብረት፣ የተሸከመው 150 ኪሎ አይደለም፣ 240 ነው። ትርፉ 90 ኪሎ ደግሞ ከፊት ጎማ ላይ የተነሳ ነው።

ዱካቶን የሚጎትተው የፊት ጎማ ነው። 90 ኪሎ ሲነሳለት መሪው ይቀላል፤ እርጥብ ሣር ላይ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። ዝናብ ያደረበት ካምፒንግ ውስጥ በትራክተር ከመጎተት በላይ የሚያሳፍር ነገር የለም፤ ሰው ሁሉ ቡናውን ይዞ ወጥቶ ነው የሚያያችሁ።

ስለዚህ ሚዛን ላይ ስትወጡ የኋላውን አክስል ለብቻው አስመዝኑ። የሚፈቀድለት ሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ ቀለል ባለው ዱካቶ ሻንሲ ላይ ብዙ ጊዜ 2,000 ኪሎ ነው። ጠቅላላው 3,450 ሆኖ ሕጋዊ የመሰለ ካምፐር ከኋላ ብቻ ያለፈበት ብዙ ነው። ሻንሲው ከኋላ በብረት የተቀጠለ ከሆነ ቅጥያውም የራሱ ልክ አለው። ጋንቾው ላይ የሚንጠለጠል መጫኛ ካሰባችሁ ደግሞ ጋንቾው ቁልቁል የሚሸከመውን እዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ 100 ኪሎ አካባቢ ስለሆነ ስኩተርና መጫኛ አብረው አይገቡበትም።

ጋራዡን በብሮሸር መለካት

ጋራዥ ስል መካኒክ ቤት ማለቴ አይደለም። ትልልቅ ካምፐሮች ከኋላ፣ ከአልጋው ሥር፣ የጎን በር ያለው ሰፊ የዕቃ ክፍል አላቸው፤ እሱን ነው ጋራዥ የሚሉት። እዚያ የሚገባ ስኩተር ከተንጠለጠለው ይልቅ ለአክስሉ ስለሚቀርብ ጫናውም ያንሳል። ዝናብም ሌባም አያገኘውም። ከቻላችሁ ይህን ምረጡ።

ግን ብሮሸሩ የሚነግራችሁ የውስጡን ቁመት ነው። ስኩተሩ የሚገባው በበሩ ነው፤ በሩ ደግሞ ከውስጡ ያጥራል። የስኩተሩ ብሮሸርም እንዲሁ ነው፤ ስፖኪዮው፣ የንፋስ መከላከያው፣ ከኋላ የተገጠመው ሣጥን አይቆጠሩም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከትልቅ ካርቶን የስኩተሩን መሪ ስፋትና ቁመት የሚያክል ቅርጽ ቆርጬ በበሩ አስገባዋለሁ። ካርቶኑ ከገባ ስኩተሩ ይገባል። ወደ ውስጥ የሚገፋበትን ሳንቃም አትርሱ። 130 ኪሎ ዳገት ላይ ለብቻ መግፋት ወገብ ይጠይቃል። ጋራዡ ራሱም የክብደት ልክ አለው፤ 150 የሆነ አለ፣ 250 የሆነም አለ።

በጣም ትንሽ ወይም በጣም ትልቅ መምረጥ

ክብደቱን የፈራ ሰው 50 ሲሲ ይገዛል። አውሮፓ ውስጥ 50 ሲሲ በሕግ ከ45 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አይሄድም። ሜዳ ላይ፣ ለብቻ፣ ምንም አይልም። ሁለት ሰው ተጭኖ የቶስካናን ዳገት ሲወጣ ግን ብስክሌት ያልፈዋል። ከኋላችሁ የተደረደረው መኪና ክላክስ ሲያደርግ የምትገቡበት ይጠፋችኋል። ዳገት የወደደ ሰው ደግሞ ዘሎ 300 ሲሲ ይገዛል፤ እሱ ከ150 ኪሎ በላይ ስለሆነ ከላይ ወዳለው ሒሳብ ይመልሰናል።

መሃሉ ከ110 እስከ 125 ነው። የሚበቃችሁ መሆኑን የምታውቁት በሲሲው ሳይሆን መመሪያው መጽሐፍ ላይ ባለው ከፍተኛ ጭነት ነው። ያ ቁጥር ሁለታችሁንም፣ ሄልሜቱንም፣ ከገበያ የገዛችሁትን ሐብሐብም ይጨምራል። ሁለታችሁም ልብሳችሁን ለብሳችሁ ሚዛን ላይ ውጡ። ማፈር የለም።

ጎማውንም እዩ። አሮጌ የጣሊያን ከተማ መንገዱ ኮብልስቶን ነው፤ የእኛን ሰፈር ኮብልስቶን ይመስላል። 12 ኢንች ጎማ እያንዳንዱን ድንጋይ ይቆጥራል። እንደ ኤስኤች ያለ 16 ኢንች ጎማ ያለው ብዙውን ዘሎት ያልፋል።

ድንበር የሚያልፍ መንጃ ፈቃድ ነው ብሎ ማሰብ

ይህ በጣም ያናደደኝ ነው። ጀርመን ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ «ቢ196» የሚባል ነገር አላት። ዕድሜያችሁ 25 ከሞላ፣ «ቢ»ን ከያዛችሁ ቢያንስ አምስት ዓመት ከሆነ፣ ፈተና ሳትፈተኑ ባለ 90 ደቂቃ ዘጠኝ ትምህርት ተምራችሁ 125 ሲሲ መንዳት ትችላላችሁ። ደስ ብሎኝ ተማርኩ። የማይሠራው ከጀርመን ውጭ ነው። ስኩተሩን የፈለግነው ለጣሊያን ነበር!

እንግሊዝ ያላችሁ የባሰ አለባችሁ። ሲቢቲ የሚባለውን የአንድ ቀን ሥልጠና ብቻ ወስዶ የተማሪ ምልክት የሆነውን «ኤል» ለጥፎ የሚነዳ ሰው ከኋላው ሰው መጫን አይፈቀድለትም። ለሁለት ሰው ስኩተር ገዝቶ ለብቻ መንዳት። ፈረንሳይ ደግሞ «ቢ» ሁለት ዓመት ከሞላውና ሰባት ሰዓት ከተማሩ 125 ይፈቅዳል፤ እሱም ለራሱ አገር ነው። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ የትም የማያስጨንቃችሁ «ኤ1» ነው፤ እስከ 125 ሲሲና 11 ኪሎ ዋት ይፈቅዳል። ፈተና አለው፣ ገንዘብ ይበላል። ግን አንድ ጊዜ ነው።

ከኋላ የወጣውን ጭነት ያለ ምልክት መሄድ

ጣሊያንና ስፔን ከመኪናው ኋላ የወጣ ጭነት ላይ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ቀይና ነጭ ሰያፍ መስመር ያለው አንጸባራቂ ሰሌዳ እንዲሰቀል ያስገድዳሉ። ጣሊያን ለመግባት የአሉሚኒየሙን ግዙ። ስኩተሩ ታርጋችሁንና መብራታችሁን ከሸፈነ ደግሞ መጫኛው ላይ ሌላ መብራትና ታርጋ ይገጠማል።

አንዴ አስሮ መርሳት

ስኩተር በስታንዱ ቆሞ አይጫንም። ስታንዱ ይታጠፋል፣ የፊት ጎማው መያዣው ውስጥ ይገባል፣ በአራት ቺንጊያ ከአራት አቅጣጫ ይወጠራል፣ ሞላው ትንሽ እስኪወርድ ድረስ። ሃያ ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ቁሙና እንደገና ወጥሩት፤ ሁልጊዜ ላልቶ ታገኙታላችሁ። ጋራዥ ውስጥ ከሆነ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ቤንዚን እንዳይሸት። የቤንዚን ጄሪካን ግን ከምትተኙበት አልጋ ሥር አታስቀምጡ፤ በላዩ የጋዝ ማሞቂያ የሚበራበት ቤት ነው።

ከኋላ የሚቀመጠውን አለመጠየቅ

የመጀመሪያውን ስኩተር የሞከርኩት ብቻዬን ነው። ሻጩ ግቢ ውስጥ ሁለት ዙር፣ በቃ። የኋላ ወንበሩ ወደ ፊት ያንሸራትት እንደነበር ያወቅነው በኋላ ነው። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ባለቤቴ ጀርባዬ ላይ ትወጣለች። እግሯን የምታሳርፍበት ከፍ ስላለ ጉልበቷ ታጥፎ ይደነዝዛል። ሃያ ደቂቃ ስንሄድ «አውርደኝ፣ በእግሬ እመጣለሁ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ወርዳ ሄደች።

ሁለተኛውን ስንገዛ አብረን ሄድን። ሻጩን ዳገት ያለበት መንገድ ጠየቅን፣ ግማሽ ሰዓት ነዳን፣ አራት ስኩተር ሞከርን። ወንበሩ ሜዳ የሆነውን፣ እግር ማሳረፊያው ዝቅ ያለውን፣ እጇ የምትይዘው ነገር ያለውን መረጠች። 110 ሲሲ ነው፣ 100 ኪሎ አካባቢ፤ ቀለሙን ማንም አያደንቀውም። ከዚያ «አንዳችን በትክክል እንማር» ብላ ሄዳ ኤ1 አወጣች።

የእኔ ቢ196 የጀርመንን ድንበር ሲሻገር ያበቃለታል። ስለዚህ ጣሊያን ውስጥ የምትነዳው እሷ ናት። ዳቦውን ይዤ ከኋላ የምቀመጠው እኔ ነኝ።