የጥንት አባቶችን ስለ ዘመንና ስለ ነፍስ ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንዱና ትልቁ ስህተት የዘመን ቆጠራውን ማስፈራሪያ ማድረግ ነው። «ስምንተኛው ሺህ» የሚለው አነጋገራችን ሥሩ ሩቅ ነው፦ ፍጥረት በ6 ቀን ተፈጸመ፣ በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነው (2ኛ ጴጥ 3፥8)፣ እንግዲህ ዓለም 6000 ዓመት ይቆያል። ከ200 እ.ኤ.አ. ጥቂት ዘግይቶ ትንቢተ ዳንኤልን የተረጎመው የቤተ ክርስቲያን አባት አቡሊዲስ (ሂፖሊተስ) የክርስቶስን ልደት ከዓለም ፍጥረት በ5500 ዓመት ያደረገው ከቃል ኪዳኑ ታቦት ልክ ነው፤ ርዝመቱ 2 ክንድ ተኩል፣ ወርዱ 1 ተኩል፣ ቁመቱ 1 ተኩል፣ ሲደመር 5 ተኩል፣ ማለትም 5 ሺህ ተኩል ዓመት። ይህን ሁሉ የደከመው ሰው ለማረጋጋት ነበር። በሶርያ አንድ መሪ ጌታን ልንቀበል ነው ብሎ ምእመናኑን ከነልጆቻቸው በረሃ ማውጣቱን፣ በጥቁር ባሕር ዳር ባለው በጳንጦስም ሌላው መሪ ፍርድ በዓመቱ ነው ስላለ ሰዎች ከብት ሸጠው እርሻ መተዋቸውን እዚያው ጽፏል። በእሱ ስሌት እስከ 6000ው ዓመት ፍጻሜ ገና 300 ዓመት ገደማ ይቀር ነበር።

እኛም ዘንድ 5500 በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራ፣ ሥራ ላይ ነው፦ ለምሳሌ ለ2017 ዓ.ም. 5500 ሲደመር 2017፣ 7517፤ ዓመታቱ በ4ቱ ወንጌላውያን ስም ስለሚጠሩ ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋል፣ ዘመነ ማቴዎስ። አጽዋማትና በዓላት የሚወጡት ከዚሁ ነው። የምጽዓት ቀን ግን አይወጣበትም፤ የሚያወጣ ካጋጠመዎት ሒሳቡን ሳይሆን ሰውየውን ይጠርጥሩ።

ሌላው፣ ነፍስ በባሕርይዋ ዘላለማዊ ናት የሚለውን የሁሉም አባቶች ቃል አድርጎ መውሰድ ነው። ይህ የግሪኩ ፈላስፋ የፕላቶን ትምህርት ነው። የ2ኛው መቶ ዘመን አባት ዮስጢኖስ ሰማዕት ከአይሁዳዊው ትሪፎን ጋር ባደረገው ክርክር፣ ነፍስ የምትኖረው እግዚአብሔር እንድትኖር ስለወደደ ነው፣ ራሷ ሕይወት አይደለችም ይላል። ስለዚህ ድኅነትን ከሥጋ ማምለጥ ብሎ የሚያነብ ሰው ትንሣኤ ሙታን ለምን እንዳስፈለገ መልስ ያጣል።

የእስክንድርያው መምህር አርጌንስ (ኦሪጀን) ነፍሳት ከሥጋ በፊት ነበሩ ማለቱ እውነት ነው። ግን ነፍስ ከሥጋ ወደ ሥጋ ትዘዋወራለች አላለም፤ በማቴዎስ ትርጓሜው የኤልያስ ነፍስ በመጥምቁ ዮሐንስ አደረች የሚለውን ይቃወማል።

አውግስጢኖስንም «ጊዜ ከንቱ ሐሳብ ነው» አለ የሚሉ አሉ። «ኑዛዜ» በተባለው ድርሰቱ 11ኛ መጽሐፍ ያመጣውን ምሳሌ ዳዊት የሚደግም ሁሉ ይሞክረው። መዝሙሩን ሳይጀምሩ ሁሉም በተስፋ ፊት ለፊት ነው፤ በደገሙ ቁጥር ተስፋው እያጠረ ትዝታው እየረዘመ ይሄዳል፣ ሲያልቅ ሁሉም ትዝታ ይሆናል። የሰው ዕድሜም እንዲሁ ነው ይላል። ጊዜን ከንቱ ቢያደርግ ኖሮ ዘመን እየዞረ ይመለሳል ያሉትን ፈላስፎች ክርስቶስ አንድ ጊዜ ሞተ፣ ዳግመኛ አይሞትም ብሎ ባልተከራከራቸው ነበር።